ስማርት ቦርዱ ክፍላችን ከገባ አራት ወር፦ ያየሁትና ያስተካከልኩት

«ቲቸር፣ ይነዝራል።»

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። ስማርት ቦርዱ፣ ማለትም የፕሮጀክተር ምስል የሚያርፍበትና በጣት የሚጻፍበት ሰሌዳ፣ ከተሰቀለ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መልስ ልትጽፍ ወጣች። የሰሌዳውን የብረት ጠርዝ ስትነካ እጇን ቶሎ ሰበሰበች። እኔም ነካሁት፤ ማድረግ አልነበረብኝም። እውነቷን ነው፣ ጣት ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስላል። ወዲያው ከሶኬት ነቀልኩት። የዚያን ቀን ትምህርት በጠመኔ ጨረስን።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። መምህራን ስንገናኝ ስለ ስማርት ቦርድ የምናወራው በአብዛኛው ስለሚያሳየው ነገር ነው። ለእኔ ግን ከቴሌቪዥን የሚለየው ልጆቹ በእጃቸው የሚነኩት መሆኑ ነው። በቀን ስንትና ስንት ልጅ የሚነካው ዕቃ ደግሞ ከምንም በፊት መስመሩ መታየት አለበት።

የመጣው ኤሌክትሪሺያን ሶኬቱን ፈታው። ከፊት ሲታይ የኧርዝ (የሚያፈሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) መያዣ አለው፤ ከኋላው ግን ሽቦ አልታሰረበትም። ሁለት ሽቦ ብቻ ነው የመጣው። ሥራው አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ። ከብሬከር ሳጥኑ ጀምሮ ባለ ሦስት ሽቦ አዲስ መስመር ተሳበ፤ ግቢ ውስጥ የተቀበረው የኧርዝ ዘንግም ታየ። በተጨማሪ 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ መስመሩን ቶሎ የሚቆርጥ ብሬከር አስገባልን። 220 ቮልት ከልጅ ጋር ቀልድ አያውቅም። ሌላው ነገር ሁሉ ይቆይ፤ ይሄ ግን ሰሌዳው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለበት። ሶኬት ስላለ ብቻ ኧርዝ አለ ማለት አይደለም።

ዲቫይደሩም ራስ ምታት ሆኖብን ነበር። ላፕቶፑ፣ ፕሮጀክተሩ፣ ሰሌዳው፣ ስፒከሩና የሰው ስልክ ቻርጀር ሁሉ በአንድ ዲቫይደር ተሰክተው፣ ዲቫይደሩ ጠረጴዛ ሥር መሬት ላይ ተኝቷል። ልጆች ሲወጡ ሲገቡ ይረግጡታል። አሁን ከግድግዳው ጋር ከፍ ብሎ ታስሯል፤ ሽቦዎቹም በፕላስቲክ መሸፈኛ ውስጥ ያልፋሉ። የስልክ ቻርጀር እዚያ ላይ ክልክል ነው፤ ርዕሰ መምህሩም ቢሆኑ አይሰኩም።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ሁሉንም እነቅላለሁ። ዕቃ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲመጣ ነው፤ ቮልቴጁ ሲመለስ ይዘላል። ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቄ በስታቢላይዘር በኩል እሰካለሁ። ትንሽ ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) አለን። የሚይዘው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ትምህርት አልቀጥልበትም። የምጠቀምበት ፕሮጀክተሩን በወጉ ለማጥፋት ነው። አምፖሉ በጣም ስለሚግል ፋኑ ትንሽ ዞሮ ሊያበርደው ይገባል። በድንገት እየተቆረጠበት ከሰነበተ ዕድሜው ያጥራል።

አሰቃቀሉን በአጭሩ ላንሳ። ግድግዳችን ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። በመጀመሪያ በፊሸር ብቻ ነበር የታሰረው። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ጥግ ለቀቅ ሲል አይቼ ልጆቹን ወደ ሌላ ክፍል ወሰድኩ። አሁን ብሎኑ ግድግዳውን አልፎ ከጀርባ በብረት ሳህን ተይዟል። የእኛው 25 ኪሎ ገደማ ነው። በፕሮጀክተር ፋንታ ራሱ ስክሪን የሆነውን፣ ባለ 75 ኢንቹን የምትሰቅሉ ከሆነ ክብደቱ ከ50 ኪሎ ሊያልፍ ስለሚችል በዚያው ልክ አስቡበት።

ሁለት ቀን የበላብኝ ግን ገመድ ነው። ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሰሌዳውን ስነካው ግን ዝም። ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፣ ላፕቶፕ ቀየርኩ፣ ምንም። ምስሉን የሚያመጣው የኤችዲኤምአይ ገመድ ነው፤ የጣቱን ንክኪ ወደ ኮምፒውተሩ የሚወስደው ደግሞ ዩኤስቢ ነው። እኛ ጋ የተዘረጋው ዩኤስቢ አሥር ሜትር ነበር። ተራ የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ከአምስት ሜትር በላይ አስተማማኝ አይደለም። ከዚያ በላይ ከሆነ ሲግናሉን የሚያጠናክር ገመድ ይፈልጋል። ጠረጴዛዬን ወደ ሰሌዳው አስጠግቼ በአጭር ገመድ ሰካሁት፤ ያኔውኑ ሠራ። የእናንተም እንዲህ ካስቸገረ መጀመሪያ ገመዱን ለኩ። ሁለተኛ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ስክሪኑ ለሁለት ተዘርግቶ እንደሆነ እዩ፤ ሰሌዳው ላይ ስትነኩ ጠቋሚው ላፕቶፑ ላይ ይሄዳል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ምስል እንዲያሳዩ ማድረግ ነው።

ካሊብሬሽን፣ ማለትም የሚነካው ቦታና ምስሉ እንዲገጥሙ ማስተካከል፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ልጆች ሳይገቡ እሠራለሁ። ሰሌዳው ላይ የሚወጡትን የመስቀል ምልክቶች በብዕሩ ጫፍ መሃላቸውን መንካት ነው። ፕሮጀክተሩ በጣት ስፋት እንኳ ከተነቀነቀ የሚጻፈው መስመር ከብዕሩ ርቆ ይወጣል። በር በኃይል ሲዘጋ ይነቃነቃል።

አንድ ነገር ለጥቂት ቀን ግራ አጋብቶኝ ነበር። እኔ ስጽፍ ካልፈለግሁት ቦታ መስመር ይወጣል፤ ልጆቹ ሲጽፉ ግን ችግር የለም። በመጨረሻ ያየው የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልጅ ነው፦ «ቲቸር፣ ጋውንዎ ነው!» የእኛ ሰሌዳ የሚሠራው በኢንፍራሬድ ነው። ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ዓይን የማያየው የብርሃን መረብ ተዘርግቷል፤ ጣት ሲገባ መረቡ ይቋረጣል። ለሰሌዳው ግን ጣትም የጋውን እጅጌም አንድ ነው። ለጠመኔ አቧራ ብለን የምንለብሰው ሰፊ እጅጌ ከጣቴ ቀድሞ ይነካል። አሁን እጅጌዬን ሰብስቤ ነው የምጽፈው። ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል የሚገባው ፀሐይ ጠርዙ ላይ ሲያርፍም እንዲሁ ይረብሸዋል፤ መጋረጃ አስቀመጥን።

የፕሮጀክተሩ ብርሃን ሌላ ጉዳይ ነው። ሰሌዳው ጋ ቆሞ ወደ ተማሪ የዞረ ሰው ብርሃኑን በዓይኑ ይቀበላል። ስለዚህ ደንብ አወጣን። የሚጽፍ ሰው ጀርባውን ለብርሃኑ ይሰጣል፤ ለክፍሉ መናገር ሲፈልግ መጀመሪያ ወደ ጎን ይወጣል። የት እንደሚቆሙ እንዲያውቁ ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ለጠፍኩ። ብዙ የማወራ ከሆነ ደግሞ ምስሉን አጨልመዋለሁ።

ኅዳር ላይ ትምህርት መሃል የቤተሰብ የቴሌግራም መልእክት ሰሌዳው ላይ ብቅ አለ። የሕመም ጉዳይ ነበር። ያ ለልጆች ዓይን አይደለም፤ ቤተሰቤም ይህን አልፈቀደልኝም። በዚያው ቀን ላፕቶፑ ላይ ለማስተማሪያ ብቻ ሌላ ዩዘር ከፈትኩ፤ ቴሌግራም የለበትም፣ ኢሜይል የለበትም፣ የተማሪ ውጤትም የለበትም። ፍላሽም ቫይረሱ ሳይታይ አይገባም።

ስለ ፊደልም ልንገራችሁ። በፓወር ግዕዝ የጻፍኳቸው የድሮ ኖቶች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ይወጣሉ። በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው በዩኒኮድ መልሼ እየጻፍኳቸው ነው፤ ግማሽ ደርሻለሁ። ሰሌዳው ላይ ለመጻፊያ የምጠቀመው ኦፕንቦርድ የሚባለውን ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ነው፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ታኅሣሥ ላይ ሳይን ስናስተምር ጂኦጀብራ የሚባለውን የሂሳብ ሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም ከፈትኩ። አንዱ ማዕዘኑ 30 ዲግሪ የሆነ ባለ ቀጤ ማዕዘን ጎነ ሦስት ሠራሁ። ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ጎን ለሃይፖቴነስ ሲካፈል የሚሰጠውን ቁጥር ከጎኑ አደረግሁ። 0.5። ያቺ የነዘራት ልጅ ወጣች። ጫፉን በጣቷ ይዛ ጎተተችው። ጎነ ሦስቱ አደገ፣ ሰሌዳውን ሞላ፤ ቁጥሩ 0.5። መልሳ አሳነሰችው፤ 0.5። ዞር ብላ «ተበላሽቷል እንዴ?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። ከኋላ አንዱ «ሁለቱም እኮ አብረው ነው የሚያድጉት!» ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ጸጥታ አሁንም ይታወሰኛል።

እኔ ራሴ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ ያልገባህ ቢኖር እጅ የምታወጣለት የለም፣ መምህራችንም ሊያቆመው አይችልም። እኛ እናያለን፣ እሱም ያያል። ስለዚህ አሁን ስክሪን ባገኘሁ ቁጥር ማን ነው የያዘው ብዬ እጠይቃለሁ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ቢያንስ አምስት ልጅ እንዲወጣ ስም እየመዘገብኩ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚወጡት እነዚያው የፊት ወንበር ልጆች ብቻ ነበሩ።

የቀረኝ የቁመት ጉዳይ ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር የአምስተኛ ክፍል ልጆችም ክፍሉን ሊጠቀሙበት ነው፤ ከሰሌዳው ግማሽ በላይ አይደርሱም። ወንበር ላይ መውጣት አይታሰብም። አናጺው ሰፋ ያለ፣ የማይነቃነቅ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ የእንጨት መቆሚያ እየሠራልን ነው። ቁመቱን 20 ሴንቲሜትር ብዬዋለሁ። ከእናንተ ለትንንሽ ልጆች የሞከረ ካለ ስንት እንዳደረገው ይንገረኝ፤ ዓርብ ነው የሚቆርጠው።