ሐምሌ 23

ሰሞኑን ዝም ብሎ ይከፋኛል። ዝናቡ ይሁን ጉንፋኑ እንጃ። ዛሬም ሥራዬን ትቼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ስልኬን ሳይ ሐምሌ 23 ነው። የደቡብ ሱዳን አማጽያን መሪ ጆን ጋራንግ በ1997 የሞተበት ቀን።

አጎቴን የምታውቁ ለምን እንደማልረሳው ይገባችኋል። በደርግ ጊዜ ጋምቤላ ነበር። እኛ ቤት የጋራንግ ስም እንደ ሩቅ ዘመድ ስም ይነሳ ነበር። የሱዳን ስደተኞች ካምፖቹ ኢታንግና ፉኝዶ፣ የጊሎ ወንዝ፣ እነዚህን ስሞች ካርታ ላይ ከማየቴ በፊት ከአጎቴ አፍ ነው የሰማኋቸው።

1997 ለእኛም ከባድ ዓመት ነበር። አዲስ አበባ ከምርጫው በኋላ ሰኔ 1 ከተገደሉት ሰዎች ሐዘን ገና አልወጣችም። በወሩ፣ ሐምሌ 1 ቀን፣ ካርቱም ጋራንግን ለመቀበል ነቅሎ ወጣ። መቶ ሺዎች። ደቡቡም ሰሜኑም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ከ20 ዓመት በላይ ሲዋጋው በኖረው መንግሥት ከተማ! በማግስቱ በሰላም ስምምነቱ መሠረት የሱዳን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ያን ሕዝብ በቴሌቪዥን ሳይ እንደቀናሁ አስታውሳለሁ። ከ21 ቀን በኋላ ከኡጋንዳ ሲመለስ ሄሊኮፕተሩ ተራራ ላይ ወደቀ።

ሁሌ የሚገርመኝ ግን የጆንግሌይ ቦይ ነገር ነው። ጋራንግ አሜሪካ ሄዶ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በዚያ አካባቢ ልማት ላይ ነበር። ቦዩ የነጭ አባይን ውሃ ከረግረጉ አሳልፎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ግብፅ፣ እንዲወስድ የታሰበ ነው። ጋራንግ የጠየቀው እዚያው ለሚኖረው ሰው ምን ይተርፈዋል ብሎ ነው። በ1975 በደቡቡ ቦር ከተማ የነበሩ ወታደሮች ሲያምጹ እሱ በሱዳን ጦር ኮሎኔል ነበር። ከነሱ ጋር ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። በዓመቱ የንቅናቄው ተዋጊዎች ቁፋሮውን አስቆሙት። ግዙፉ መቆፈሪያ ማሽን እዚያው እንደቆመ ዝጎ ቀረ። ያጠናውን ነገር በጠብመንጃ ያስቆመ ሌላ ሰው አላውቅም።

መልአክ ነበር እያልኩ አይደለም። አብረውት የጀመሩትን ሳይቀር አስሯል። ከካምፖቹ ልጆች ጠብመንጃ ተሸክመው ወጥተዋል። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ስደተኛው በጥድፊያ ወደ ሱዳን ሲመለስ፣ ጊሎን ለመሻገር ሲሞክሩ ብዙ ልጆች ውሃ ወሰዳቸው። አጎቴ ይህን ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። በዚያው ዓመት ንቅናቄው ለሁለት ተሰነጠቀ። ብዙም ሳይቆይ የቦር ሰላማዊ ሰው በገዛ ወገኑ ተጨፈጨፈ።

ጋራንግ ግን «አዲስ ሱዳን» ማለቱን አልተወም። አንድ አገር፣ በዘርና በሃይማኖት የማይከፋፈል። ተዋጊዎቹ ውስጥ ስንቱ አምኖበት ነበር? አብዛኛው መገንጠልን ነበር የሚፈልገው። ያ ሐሳብ የቆመው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይመስለኛል። እሱ በሞተ ሳምንት ካርቱም በረብሻ ነደደች፤ ያ ሐምሌ 1 ቀን አደባባይ የሞላ ሕዝብ እርስ በርሱ ተገዳደለ። በ2003 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ደቡቡ 98.83 በመቶ ለመገንጠል ድምፅ ሰጠ። በ2006 ደግሞ አዲሲቱ አገር ራሷ ጦርነት ገባች።

ያናድደኛል። አንድን አገር የሚያህል ሐሳብ ይዘህ እንዴት ተተኪ አማኝ አታፈራም? ከዚያ መልሼ አስባለሁ። በጦርነት መሀል እምነት ለማስተማር ጊዜው የት አለ? ደግሞም የሕዝበ ውሳኔውን መብት የሰላም ስምምነቱ ውስጥ ያስገባው እሱው ነው። ሐሳቡ ካልሠራ ሕዝቡ መውጫ በር እንዲኖረው ፈልጎ ነው? ወይስ መጀመሪያውኑ ልቡ እዚያ ነበር?

ከአጎቴ ጋር በዚህ ሁሌ እንከራከር ነበር። እሱ «አንድነቱን ነበር የሚፈልገው» ይላል። እኔ እንጃ። በሕይወት ቢኖር፣ በሕዝበ ውሳኔው ቀን ጁባ ሰልፍ ይዞ ተራው ሲደርስ፣ የትኛው ላይ ነበር ጣቱን የሚያሳርፈው?