አምስት ሰው ከገደልኩ በኋላ

ድራማ መጻፍ መለማመድ ከጀመርኩ ሰባት ወር ሞላኝ። ባለፈው ቅዳሜ፣ የጻፍነውን እርስ በርስ በምናነብበት ቡድናችን ውስጥ «እስቲ የት ደረስክ?» ስትሉኝ «ደህና ነው» ብዬ አለፍኩ። ደህና ብቻ አይደለም። በቃል ከምንተባተብ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ከመጥፎው ልጀምር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት አጫጭር ድራማ ጻፍኩ። በአራቱ ውስጥ አምስት ሰው ሞተ። አንዱ በመኪና፣ አንዷ በመርዝ፣ ሁለቱ በአንድ ሽጉጥ። አምስተኛው በምን እንደሞተ እኔም ረስቼዋለሁ። ሲነበብ ማንም ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። እንዲያውም መርዙ ጋ ስንደርስ ከመካከላችሁ አንዷ ሳቅ አመለጣት። (ይቅር ብዬሻለሁ። ልክ ነበርሽ።)

የቀን ሥራዬ ሒሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ ደረሰኝና ቫውቸር ሳገላብጥ እውላለሁ። ከዚህ ኑሮ ምን ድራማ ይወጣል? ስለዚህ ከማላውቀው ዓለም ሽጉጥ እየተዋስኩ እጽፍ ነበር። ሽጉጥ በእጄ ይዤ አላውቅም።

ዓይኔን የገለጠው የታክሲ መልስ ነው። ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ እየሄድን ረዳቱ ዝርዝር አጠረው። ለእኔና አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት አንድ መቶ ብር ሰጠንና «ተካፈሉ» ብሎ ወደ በሩ ዞረ። ብሩ እኔ እጅ ላይ ቀረ። ይዤው ዝም ብል ሌባ መሰልኩ። ለእሷ ብሰጣት ድርሻዬ ሄደ። ኪስ ውስጥ መክተትም ነውር፣ እንደ ሻማ ይዞ መቀመጥም ነውር። እሷም ታስባለች፣ እኔም አስባለሁ። ሁለታችንም በመስኮት ወደ ውጭ እናያለን። «ወራጅ አለ» ስትል አብሬያት ወረድኩ። መውረጃዬ ገና ነበር። ሱቅ ለሱቅ ዞርን። አንዱ ባለሱቅ «ካልገዛችሁ አልዘረዝርም» አለን። ማስቲካ ገዛን። ከዚያ ደግሞ ማስቲካው የማን ነው? «ኧረ አንቺ ውሰጂው።» «ኧረ በፍጹም፣ አንተ ውሰደው።» ብሩን ሳንከራከር የተካፈልን ሰዎች በማስቲካ አምስት ደቂቃ ቆምን።

ማታውኑ ጻፍኩት። ሁለት ገጽ ነው። ቅዳሜ ሲነበብ እኔ በፈለግኩበት ቦታ ሳቃችሁ። ማንም አልሞተም።

ከዚያ ወዲህ ትንሽ ደብተር ይዤ እዞራለሁ። ማታ ማታ ከቀኑ ውሎ አንድ ነገር እመርጥና ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ማን ምን ፈለገ? ምን ከለከለው? ነገሩ የተገለበጠው የቱ ጋ ነው? ሦስተኛው አዲስ አይደለም። ግሪካዊው አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ነገር ወደ ተቃራኒው የሚዞርበትን ቅጽበት ፔሪፔቴያ ብሎ ስም አውጥቶለታል። እኔ ደብተሬ ላይ «ግልብጥ» እያልኩ ነው የምጽፈው። አሪስቶትል ይቅር ይበለኝ።

መጀመሪያ ላይ ያስቸገረኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ምን ከለከለው? ክፉ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ሠፈራችን ውስጥ እንደ ድራማው ጢሙን እየጠቀለለ የሚያሴር ሰው የለም። ሦስት ሳምንት ያህል ከሞላሁ በኋላ ደብተሩን ወደ ኋላ ሳገላብጥ ግን አንድ ቃል ተደጋግማ አየኋት። ይሉኝታ። ታክሲው ውስጥ እሷ ነበረች። ውኃ በመጣ ሌሊት ጎረቤቴን አንኳኩቼ ልቀስቅሰው አልቀስቅሰው ስል ያደርኩትም በእሷ ነው። አጎቴ ቤት በረሃብ ሆዴ እየጮኸ «አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» ያልኩትም። በሞቴ፣ በሞቴ እስኪባል ድረስ ስንት ሰው ተርቦ ይቀመጣል! ሁለት ደግ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጥና ይሉኝታን መሃላቸው አስገባ። ክፉ ሰው አያስፈልግህም።

ይሉኝታ ካለ ደግሞ ማንም የሚፈልገውን በቀጥታ አይናገርም። ለጸሐፊ ይህ ሲሳይ ነው። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት፣ ስለ ሰው ለመናገር አውሬዎችን ነው መድረክ ላይ ያወጣው። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ የቆየ ሙያችን ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕቁቡ ልምጣ። ሁለት ወር የፈጀብኝ እሱ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ዕቁብ አለን። 24 ሰው፣ በወር 5,000 ብር። ዕጣ የወጣለት 120,000 ብር ይወስዳል ማለት ነው። (ሰዎቹ እንዳይታወቁ ቁጥሩንም አንዳንድ ነገሩንም ቀይሬዋለሁ።) ስማችን በወረቀት ተጠቅልሎ ጣሳ ውስጥ ይገባል። ዳኛው ይነቀንቀዋል። ሻይ የምታመጣልን ልጅ ታወጣለች። የነሐሴው ዕጣ ለአንድ ጋሼ ደረሰ። ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጠችው ባልደረባችን ለሁለት ልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ቀኑ እየደረሰባት ነበር። ለማንም አልተናገረችም። እኔ የማውቀው የደመወዝ ብድር ስለጠየቀችና ስላልተፈቀደላት ነው። ፎርሙ በእኔ እጅ ነው ያለፈው። ስማቸው ሲጠራ ቀድማ ተነሥታ «እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ» አለቻቸው። ከዚያ ተቀምጣ የራሷን 5,000 ብር ቆጠረች። ጨርሳ እንደገና ቆጠረችው።

በመጀመሪያው ረቂቅ አስለቀስኳት። አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ድህነት ተናገረች። ስታነቡት እኔው አፈርኩ። ዕቁብ ላይ እንዲህ የሚናገር ሰው ማን አይቶ ያውቃል?

በሁለተኛው ዝም አስባልኳት። «እንኳን ደስ ያለዎት» እና የብሩ ቆጠራ ብቻ። ተሻለ። ነገር ግን ጋሼ ድንጋይ ሆኑብኝ። ብሩን ተቀብለው የሚሄዱ ሰው ብቻ።

ከሳምንት በኋላ ጋሼ ለፊርማ ቢሮዬ መጡ። ወሬ ወሬን ሲያነሣው ራሳቸው አወጡት። «ያቺ ልጅ እንደቸገራት ፊቷን አይቼ አውቄያለሁ። ብትጠይቀኝ ተራውን እለቅላት ነበር። እኔ ቀድሜ ብናገር ግን በሰው ፊት ችግረኛ አደርጋታለሁ» አሉኝ። እሷን ደግሞ በሌላ ቀን ጠየቅኳት። «ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁትን ብር በምን አፌ ልጠይቃቸው?» አለች። ያኔ ልጆቹ ተመዝግበዋል። ከሌላ ሰው በወለድ ተበድራ ነው ያስመዘገበቻቸው።

እሷ እስክትጠየቅ፣ እሳቸው እስኪጠየቁ። ደብተሬ ላይ ይህን ጽፌ በጣም ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ግልብጥ በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም። ሌሊቱን ተኝቼ ነው የባነንኩት። ፎርሙን ያየሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ገንዘቡ እንደማያስቸኩላቸው የማውቀውም እኔ ነኝ። ዕጣው በወጣበት ቀን ሻዩን ይዤ ደብተር ውስጥ የምጽፈውን ሳስብ ነበር። የሥራ ምስጢር ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ እውነትም ነው። ግን ጋሼን በረንዳ ላይ ጠርቶ «ብሩ ካላስቸኮለዎት...» ለማለት ፎርም መጥቀስ አያስፈልግም ነበር።

በሦስተኛው ረቂቅ ሒሳብ ሠራተኛው ገባ። መስኮቱ ጋ ቆሞ ሻይ የሚያማስል ሰው። አንድ ቃል አይናገርም። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ እሱ ግን ያማስላል።

ስላልተሳካልኝም ሁለት ነገር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልኩ ባለ ሦስት ክፍል ድራማ ጀምሬ ነበር። ሐሳቡ ሲታሰብ ያምራል። እናቴ ሰማችና «ኧረ በረካ ድረስ የሚቀመጥ ሰው እኛ ቤት መጥቶም አያውቅ» አለች። ተውኩት። ሌላው፣ የአንዲት ጎረቤቴን የመብራት ቆጣሪ ጠብ ጽፌ አንዱ ወዳጄ ለራሷ አነበበላት። አልተቆጣችም። አሁን ግን እኔ ስመጣ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ደብተሬን ደረጃው ላይ ማውጣት ትቻለሁ።

ለፊታችን ቅዳሜ ሦስተኛውን ረቂቅ ይዤ እመጣለሁ። አራት ገጽ ነው፤ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነበው ሰባት ደቂቃ ወሰደብኝ። ጋሼን የሚያነብልኝ ጎርናና ድምፅ ያለው ሰው እፈልጋለሁ። የእሷ ንግግር በጠቅላላው አራት መስመር ነው። ማን እንደምታነበው እናንተ ምረጡ። «እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ» የምትለዋን ግን እባካችሁ ሳታሳዝኑ፣ እንደ ተራ ሰላምታ አንብቡልኝ።