ዳኛው በቁማቸው ያወረሱን

የዕድራችን ዳኛ ወንበሩን የለቀቁት ታመው አይደለም። ከማንም ጋርም አልተጣሉም። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ብድግ አሉና "ከዛሬ በኋላ ሌላ ሰው ምረጡ" አሉ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። "ኧረ አባባ፣ እርስዎ እያሉ ማን ይደፍራል?" ያለ አለ። "ዕድሩ ይፈርሳል" ያለም አልጠፋም። እሳቸው ጫጫታው እስኪበርድ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ "ታዲያ መቼ ልትማሩ ነው? እኔ ስሞት?" ብለው ተቀመጡ።

ያኔ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። አሁን ምክትል ዳኛ ነኝ። ይህን የምጽፈው በየሰፈሩ እንደሳቸው ያሉ ብዙ ሰዎች ስላሉ ነው። ሁሉን ነገር በጭንቅላታቸው ይዘው የሚኖሩ ሰዎች። እኛ ደግሞ እናከብራቸዋለን ብለን እስከ መጨረሻው ወንበሩ ላይ እንተዋቸዋለን። ቀብራቸው ላይ ደረት እየመታን "ስንት ነገር ይዘው ሄዱ" እንላለን።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት የከተማው ጫፍ። አንዳችን ኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶን፣ ሌላችን የመሐል ከተማ ቤታችን ፈርሶብን፣ ሌላው ተከራይቶ የመጣን ነን። ከአራት ኪሎም፣ ከልደታም፣ ከቂርቆስም። መጀመሪያ ላይ ከላያችን ያለውን ጎረቤት ስም እንኳ አናውቅም ነበር። ብዙዎቻችን የድሮ ሰፈራችንን ዕድር አልለቀቅንም። ግን ሰው ሲሞት ከቂርቆስ ድንኳን ተጭኖ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? ሙስሊም ጎረቤት ካረፈ ደግሞ ቀብሩ አይውል አያድርም። በዚህ ምክንያት ነው የብሎኮቹ ዕድር የተቋቋመው። ዳኛ ሆነው የተመረጡትም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ጡረታ የወጡት እኚህ ሰው ናቸው።

ንብረቱን ለማስረከብ አንድ ከሰዓት በቂ ነበር። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ጀሪካኑን ቆጥረው አስፈረሙን። እንደ ንብረት ክፍል ሰው ጠርዙ የተሰነጠቀ ሳህን እንኳ ለብቻው ተጽፏል። ሌላውን ለማስረከብ ግን ከዓመት በላይ ፈጀባቸው።

መጀመሪያ መዝገቡን ላንሳ። የወር መዋጮ የሚሞላው በእስክሪብቶ ነው። ከአንዳንድ ስም ጎን ግን በእርሳስ የተደረገች ትንሽ ነጥብ አለች። ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው ያልፉኝ ነበር። ከወረዱ በኋላ እኔንና ጸሐፊውን ቤታቸው ጠርተው ነገሩን። ነጥብ ያለበት ሰው ሥራ ፈትቷል፣ ወይም ቤቱ ውስጥ በሽተኛ አለ፣ ወይም የቤት ኪራይ ጨምሮበታል። ውዝፍ አለብህ ተብሎ ሰው ፊት አይጠየቅም። ቅጣትም አይታሰብበትም። ደህና የሚያገኙ አንድ ሁለት አባላት በጓሮ ይነገራቸውና ይሸፍኑለታል። ማን እንደሸፈነ መዝገቡ አይናገርም። ሰውየው ሲቃናለት ነጥቧ በላጲስ ትጠፋለች።

"ምክንያቱን ለምን አይጽፉትም ነበር?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ችግር ያልፋል። የተጻፈ ግን ቁጭ ይላል። ነገ የዚህ ሰው ልጅ ጸሐፊ ሆኖ ቢያነበውስ?"

ጸሐፊያችን ወጣት ነው። መዝገቡን ኤክሴል ላይ ገልብጦታል፤ ደግ አደረገ። ለነጥቧም አንድ ዓምድ እንጨምር ሲል ግን ሽማግሌው እምቢ አሉ። ርዕስ ያለው ዓምድ ሁሉም ያነበዋል አሉ። ስለዚህ ወረቀቱ መዝገብ እስከ ዛሬ ከኮምፒውተሩ ጎን ለጎን ይሠራል፤ ከመሳቢያው እርሳስ አይጠፋም።

ከሁሉ የከበደው መርዶ ነው። ስለ መርዶ ትንሽ ልቆይበት፤ ምክንያቱም ስልክ ሊያጠፋብን የደረሰ ጥበብ ነው። ዛሬ ሰው የወንድሙን ሞት ፌስቡክ ላይ "ነፍስ ይማር" ከሚል ጽሑፍ ላይ ያነባል። ታክሲ ውስጥ፣ ሥራ ቦታ፣ ብቻውን። ይህ ጭካኔ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የአንዲት አባላችን ወንድም ክፍለ ሀገር ሞቶ ወሬው ማታ ደረሰን። ዳኛው እኔንና ሌሎች ሁለት ሰዎችን ይዘው እንዲህ አደረጉ። መጀመሪያ የቅርብ ጓደኛዋን ጠርተው "ስኳር ወይስ ደም ግፊት አለባት? መድኃኒቷን ወስዳለች?" ብለው ጠየቁ። ትልቁ ልጇን በሆነ ሰበብ አስወጥተው ስልኩን እንዲዘጋ፣ የእናቱንም እንዲደብቅ ነገሩት። "ዛሬ ትተኛ" አሉ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ደረጃውን ወጣን። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው። ጓደኛዋ ከፊት፣ ወንዶቹ ከኋላ። ገና እንደገባን ዳኛው በዓይናቸው በረንዳውን አሳዩኝ። ሄጄ በሩን ዘጋሁና ከፊቱ ቆምኩ። የድሮ ሰፈር ግቢ ነበር፤ ሐዘንተኛ መሬት ላይ ቢወድቅ ቢንከባለል የሚይዘው ሰው አለ። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን በረንዳው ያስፈራል። ይህን ከአባቶቻቸው አልተማሩትም፤ እዚሁ ኮንዶሚኒየም መጥተው ራሳቸው ያሰቡት ነው።

ከዚያ ተቀመጡ። ቆሞ መርዶ አይነገርም ይላሉ። "በጣም ታሟል" እያሉ ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም። የወንድሟን ስም ጠርተው "አርፏል" አሉ። ጩኸቱ ቤቱን ሞላው።

ሁላችንም እናትየው ላይ ስንረባረብ ትንሿ ልጇ ወጥ ቤቱ በር ላይ በፒጃማ ቆማ ነበር። ያያት የለም። ዳኛው ተነስተው ሄዱና ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አሉ። "አጎትሽ ሞቶ ነው። እማዬ የምታለቅሰው ለሱ ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም" አሏት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። እጇን ይዘው ከእናቷ አጠገብ አስቀመጧት።

በሚቀጥለው መርዶ እስከ በሩ መጡና ደረጃው ላይ ቀሩ። የተናገርኩት እኔ ነኝ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ጨረስኩ። ስንወርድ "ከእንግዲህ እዚህም አልመጣም" አሉኝ። ደግሞም አልመጡም።

ከዕድራችን አባላት አንዱ የአካባቢው ነባር ነዋሪ የሆኑ ኦሮሞ አባት ናቸው፤ ገና ብሎኮቹ ሳይሠሩ እዚህ ገበሬ ነበሩ። የዳኛው ውሳኔ ያልገረማቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። "በገዳ እኮ ይህ ወግ ነው" አሉን። ገዳ ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ሥርዓት ነው። ሥልጣን የያዘው ገዳ ስምንት ዓመት ሲሞላው ባሊ፣ ማለትም ሥልጣኑን፣ ያስረክባል። ጨረስኩ ብሎ ግን ቤቱ አይገባም፤ ወደ ዩባ ይሸጋገራል፣ መካሪ ይሆናል። ተተኪውም ድንገት አይመጣም፤ ከልጅነቱ በየስምንት ዓመቱ እርከን እየተማረ ያድጋል። ስሰማው ቀናሁ። እኛ ከተሜዎቹ ለመሪ ያዘጋጀንለት ሁለት ቦታ ብቻ ነው። ወንበር ወይም መቃብር። በመሃል የመካሪነት ወንበር አላስቀመጥንም።

ቅርስ መተው ሲባል ሰው ሕንፃ ያስባል፤ ስም ያስባል። እኛም ዘንድ አዳራሻችን በዳኛው ስም ይሰየም የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ተቃወምኩ። ብዙዎች ቅር አላቸው፤ ከሁሉም በላይ የምወዳቸው እኔ መሆኔን እያወቁ። ግን አዳራሽ መርዶ አይነግርም። ስማቸውን በር ላይ ከለጠፍን የተረከብናቸው ይመስለንና ነጥቧን እንረሳታለን።

በምትኩ ለሚቀጥለው ጉባኤ የደንብ ማሻሻያ አዘጋጅቻለሁ። ማንኛውም የኮሚቴ አባል በተመረጠ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ወጣት አብሮት እንዲሠራ ያደርጋል። መርዶ ሲነገር፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ ችግረኛ ሲጎበኝ ወጣቱ ከጎኑ ይሆናል። ለዳኛ ቢበዛ ሁለት የምርጫ ዘመን። ከዚያ በኋላ በአማካሪነት ይቆያል። እኔም ከሦስተኛው ብሎክ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መርጫለሁ። እናቷን ስትቀብር የዕድሩን ሥራ በቅርብ አይታለች፤ ስጠይቃት ሳታመነታ እሺ አለችኝ።

ረቂቁን ባለፈው እሁድ ለዳኛው አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። "ጥሩ ነው። አንድ አንቀጽ ጨምሪበት" አሉ።

"ምን ልበል አባባ?"

"የወረደው ዳኛ በስብሰባ ላይ ካልተጠየቀ አይናገርም በይ።"

አንቀጽ 12 ብዬ አስገብቼዋለሁ።