ሦስት ፈረስ፣ አንድ ነብር፦ ከእሳቴ ጋር የከረምኩባቸው ሰባት ወራት

በባዚ፣ በቻይናዎች የልደት ኮከብ ቆጠራ፣ ሰሌዳዬ እሳት የበዛበት ነው። ስለ እሳቴ ስትጠይቁኝ ለከረማችሁ ሁሉ፣ መልሱን በቁራጭ ከምሰጣችሁ ደብተሩን ብገልጥላችሁ ይሻላል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ማታ ማታ የምጽፍበት ተራ የተማሪ ደብተር ነው። በቁጣ የተናገርኩበትን ቀን በቀይ ነጥብ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት የተኛሁበትን ቀን በሰማያዊ ነጥብ ምልክት አደርግበታለሁ። የምኖረው ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ ስለሆነ ቀኖቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ትምህርቱን አሁን ለጀመራችሁ ባጭሩ፦ ባዚ ማለት «ስምንት ፊደል» ማለት ነው። የተወለዱበት ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት እያንዳንዳቸው በሁለት ሁለት ፊደል ይጻፋሉ፤ ጥንዱን ዓምድ ይሉታል። አንዱ ፊደል ከዐሥሩ የሰማይ ግንዶች፣ ሌላው ከዐሥራ ሁለቱ የምድር ቅርንጫፎች ይመጣል። ቅርንጫፎቹ እነዚያ የምናውቃቸው እንስሳት ናቸው። ስምንቱም ፊደላት ለእንጨት፣ ለእሳት፣ ለአፈር፣ ለብረት ወይም ለውሃ ይመደባሉ። ባለቤቱ የሚታወቀው በተወለደበት ቀን ግንድ ነው፤ ይህን ስልት በስሙ የሚጠሩለት በሶንግ ዘመን የነበረው ሹ ዚፒንግ ነው፤ ከዚያ በፊት መነሻው ዓመቱ ነበር። አምስቱን «ሺንግ» ይሏቸዋል፤ ፊደሉ መሄድ፣ መራመድ ማለት ነው። እኔ በአማርኛ «ባሕርይ» እያልኩ ስጽፍ ቆይቼ ቃሉ እንዳሳሳተኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የእኛዎቹ አራቱ ባሕርያት፣ እሳት፣ ውሃ፣ ነፋስና መሬት፣ ሰው የተሠራባቸው ነገሮች ናቸው። የቻይናዎቹ አምስቱ ግን ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሄዱ ናቸው፤ ነፋስም ከመካከላቸው የለም።

የእኔ ሰሌዳ እነሆ። የተወለድኩት ሰኔ 24 ቀን 1978 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 1 ቀን 1986። እናቴ የምታስታውሰው የተክለ ሃይማኖት ዕለት፣ ማክሰኞ መሆኑን ነው። ሰዓቱ ግን በካርዴ ላይ በሰማያዊ ቀለም 7፡10 ተብሎ ተጽፏል። የስልክ መተግበሪያው ይህን ይዞ የሰዓቱን ዓምድ በግ አደረገልኝ። በግ ደረቅም ቢሆን አፈር ነውና፣ «አንድ እፍኝ አፈር አለኝ» እያልኩ ስጽናና ከረምኩ።

ስህተቱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነበር። ባዚ የሚፈልገው የግድግዳ ሰዓት ሳይሆን የፀሐይን ሰዓት ነው። የአገራችን ሰዓት የሚለካው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን አዲስ አበባ ያለችው በ38.75 ገደማ ላይ ነው። ልዩነቱ 6.25 ዲግሪ ነው፤ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ሲታሰብ 25 ደቂቃ ይመጣል። በጁላይ መጀመሪያ ደግሞ ፀሐይ ከሰዓታችን 4 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ስለዚህ የካርዴ 7፡10 በፀሐይ 6፡41 ነው። የፈረስ ሰዓት ከቀኑ 5 እስከ 7 ስለሚዘልቅ በጉ ወጣ፣ ሦስተኛ ፈረስ ገባ። እዚህ አገር የተወለዱ ልጆችን ሰሌዳ የምታወጡ ደግሞ ከ1986 እስከ 1991 በሙቀቱ ወራት ሰዓት አንድ ወደፊት ይገፋ እንደነበር አትርሱ።

እንግዲህ ዓመቴ የእሳት ነብር፣ የተወለድኩበት ወር የእንጨት ፈረስ፣ ቀኔ የእሳት ፈረስ፣ ሰዓቴም እንደገና የእንጨት ፈረስ ሆነ። የቀኔ ግንድ ቢንግ ነው፣ የፀሐይ እሳት፤ ዲንግ ቢሆን ኖሮ የሻማ እሳት በሆነልኝ። ፈረስ በራሱ እሳት ነው። ነብር እንጨት ነው፣ እንጨት ደግሞ እሳትን ይወልዳል። ብረት የለም፣ ውሃ የለም። አፈርም ቢሆን በቅርንጫፎቹ ሆድ ውስጥ ተሸሽጎ ካልሆነ አይገኝም። የሚያስቀው ደግሞ፣ ልጅ ሳለሁ አንድ ደብተራ በስሜና በእናቴ ስም አስልተው «ሸርጣን ናት፣ የውሃ» ብለውኝ ነበር። ውሃ ሆኜ ከአገሬ ወጥቼ እዚህ ስደርስ እሳት ሆንኩ።

ሌላም ያልተዋጠልኝ ነገር አለ። የወሩ ዓምድ ሰኔን የእሳት ጫፍ ያደርጋታል፤ የእሳት አቅጣጫም ደቡብ ነው ይላል። የአዲስ አበባ ሰኔ ግን ዝናብ፣ ጭቃና ጋቢ ነው። ፀሐይዋም በቀትር ከአናታችን አልፋ በሰሜን በኩል ስለምትቆም ጥላችን የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው። የባዚ አስተማሪዬን ብጠይቀው «የምንቆጥረው የፀሐይን መንገድ እንጂ የየአገሩን ብርድ አይደለም» አለኝ። መልሱ ያን ጊዜም አላረካኝም፣ አሁንም አላረካኝም።

ጁላይና ኦገስት። ጓንግዡ ውስጥ እሳት የኮከብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የጉሮሮም ነው። አፍ ሲቆስል፣ ጉሮሮ ሲከረክር፣ ፊት ብጉር ሲያወጣ «ሻንግ ኹኦ» ይላሉ፤ እሳት ወጣ እንደ ማለት ነው። ላይቺ የሚባለው ፍሬ በሚደርስበት ወቅት ደግሞ «አንድ ላይቺ ሦስት ችቦ እሳት» የሚል አባባል ከሰው አፍ አይጠፋም። በልደቴ ቀን አንድ ኪሎ ያህል ብቻዬን በላሁ። በሦስተኛው ቀን ምላሴ ሥር ሁለት ቁስል ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በውሃ አጠፋለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ያደረግኩትን ሳነበው አሁን ያሳፍረኛል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሻወር፣ ቀኑን ሙሉ በረዶ የገባበት ውሃ፣ ልብሱ ሁሉ ጥቁርና ሰማያዊ፣ የአልጋው ራስጌ ወደ ሰሜን። ማታ ማታ ደግሞ ሊያንግቻ። ሊያንግቻ የዚህ አካባቢ ሰዎች እሳት ለማብረድ የሚጠጡት የቅጠላ ቅጠል መፍላት ነው፤ በ2006 በአገሪቱ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። በሰፈሬ ያለችው መሸጫ ፊት ለፊት ቅል የሚመስል ትልቅ የመዳብ ጋን ቆሟል። «ሃያ አራት ጣዕም» የሚሉት ጥቁሩ ዓይነት እናቴ ስለ ኮሶ የምትተርከውን ሁሉ አስታወሰኝ።

የኦገስት ገጽ 14 ቀይ ነጥብ አለው። የጁላዩ 11 ነበር። በዚያ ላይ ሆዴ ተበላሽቶ ሁለት ጊዜ ሥራ ቀርቻለሁ። አንድ ማታ ሳህኔን ስዘረጋ የመሸጫዋ ባለቤት፣ እድሜዋ ሰባ የሚሆን ሴት፣ እጇን ከጋኑ ላይ ሳታነሣ አየችኝ።

«ስንተኛ ቀንሽ ነው?»

«ሃያ ምናምነኛዬ።»

«ልጄ፣ ይህ መድኃኒት ነው እንጂ ውሃ አይደለም። ሆድሽን አቀዘቀዝሽው። ምድጃው ከቀዘቀዘ ምን ይበስልልሻል?»

አልሸጥም ብላ ሳህኑን መለሰችልኝ። «ሂጂና የሩዝ ገንፎ ብዪ፣ ሐኪምም ይይሽ» አለች። ሁለቱንም አደረግኩ።

ሴፕቴምበር። ወደ ትምህርቱ ተመለስኩ፤ የሴትዮዋም ንግግር ከዚያው ውስጥ ነበረ። እሳትን የሚነካ መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው መግታት ነው፦ ውሃ እሳትን ያሸንፋል። ሁለተኛው ማስተንፈስ ነው፦ እሳት አፈርን ይወልዳል፤ ሲወልድም ጉልበቱን ለልጁ ይሰጣል። እሳቱ መጠነኛ ከሆነ ውሃ ይበቃዋል። እንደ እኔ ሰሌዳ ሁሉ ነገር ሲነድ ግን ጥቂት ውሃ እሳቱን ያስቆጣዋል እንጂ አያጠፋውም። ቻይናዎች «አንድ ጽዋ ውሃ፣ አንድ ጋሪ እንጨት» የሚል አባባል አላቸው፤ ጋሪው ሙሉ ሲነድ ጽዋህን ይዘህ ብትሮጥ ምን ታደርጋለህ ነው ነገሩ። ስለዚህ እሳቴ ያስፈለገው ሥራ ነበር። አፈሩም ደረቅ አፈር አይሆንም፤ እሳትን የሚቀበለው እርጥብ አፈር ነው። በጓ አልቀረችብኝም ማለት ነው፣ ብትኖርም ደረቅ ነበረች።

እርጥብ አፈር ጭቃ ነው። ጭቃ ደግሞ በሜትሮ ሄጄ የምደርስበት ቦታ አለ፤ ፎሻን ውስጥ ያለው ሺዋን የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው። ከኦክቶበር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እማራለሁ።

መጀመሪያ የሚያስተምሩት ማሸት ነው። ጭቃውን በመዳፍ ሥር ወደፊት እየገፉ፣ እያዞሩ፣ በውስጡ የቀረውን አየር ማስወጣት። አየር ከቀረበትና እርጥበት ከያዘ ምድጃ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ሁለት ሰዓት ማሸት ሲሰለቸኝ ቸኩዬ መዘወሪያው ላይ ጣልኩት፤ ጭቃው ከመሐል ወጥቶ በዞረ ቁጥር ክርኔን መታኝ። መምህሩ ማሽኑን አቁሞ «ሰውነትሽን አሳርፊ፣ ጭቃው ራሱ መሐሉን ያገኛል» ብሎኝ ሄደ። እውነት ለመናገር እስከ አራተኛው ቅዳሜ አላገኘውም።

በሺዋን ናንፌንግ የሚባል ምድጃ አለ፤ በሚንግ ዘመን፣ ከ1505 እስከ 1521 በነገሠው በጀንግዴ ጊዜ ተሠርቶ እስካሁን ይተኮስበታል። በኮረብታ ሽቅብ የተጋደመ ከ30 ሜትር በላይ የሚረዝም የጡብ ዋሻ ነው፤ ዘንዶ ምድጃ የሚሉትም ለዚህ ነው። ጀርባው ላይ በረድፍ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ የእሳት ዐይን ይሏቸዋል። አንድ ሠራተኛ ክዳኑን በብረት ዘንግ ሲያነሣ ውስጡ ብርቱካንማ ሆኖ ታየኝ። የተፈለጠ እንጨት አስገብቶ ከደነው፤ ሄዶ የሚቀጥለውን ከፈተ። እሳቱ ከታች ተነሥቶ ዳገቱን ወደ ላይ ይወጣል፣ እርሱም እግር በእግር ይከተለዋል። እንጨት፣ እሳት፣ አፈር በተራ ሲሄዱ ቆሜ አየሁ። «መራመድ» የሚለው ፊደል የገባኝ እዚያ ነው።

የቀረውን ልምዴን በፍጥነት ልንገራችሁ። በፈረስ ሰዓት፣ ማለትም ከምሳ በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት አንቀላፋለሁ፤ እዚህ አገር ቢሮው ሁሉ ስለሚተኛ ማንም አይስቅብኝም። ማታ የአይጥ ሰዓት ሳይገባ፣ ከ5 ሰዓት በፊት፣ እተኛለሁ። ልብስና የአልጋ አቅጣጫ መቁጠር ትቻለሁ። በስልክ «የጎደለሽን ውሃ ይሞላል» እያሉ የድንጋይ አምባር የሚሸጡ አሉ፤ ገንዘባችሁን ለጭቃ አውሉት።

ምግብ ላይ ግን የጨነቀኝ ነገር አለ። በዚህ አገር አቆጣጠር የተቆላ ነገር ሁሉ እሳት ነው፤ ኦቾሎኒ እንኳ አብዝተህ አትብላ ይላሉ። የእኛን ገበታ አስቡት፦ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ተቆልቶ የተፈላ ቡና። ቡና ደግሞ መራራ ነው፤ መራራ የእሳት ጣዕም ነው፤ ሊያንግቻውም መራራ ሆኖ እሳት ያበርዳል። አስተማሪዬ ይህን ሲያብራራልኝ ሁለት ጊዜ ሐሳቡን ቀይሯል። ቡናዬን ከሦስት ወደ ጠዋት አንድ አወረድኩ፤ ሺያዎቤይ በሚባለው የከተማችን ሰፈር ያለው የአበሻ ምግብ ቤት ግን አሁንም በሳምንት አንዴ ያየኛል። ከሽሮ የሚያጣላኝ ኮከብ ከመጣ ኮከቡን እተወዋለሁ።

ነጥቦቹ። ሰማያዊው ጁላይ ላይ 6 ነበር፣ ኖቬምበር ላይ 22፣ ዲሴምበር ላይ 25። ቀዩ ኦክቶበር 8፣ ኖቬምበር 5፣ ዲሴምበር 4። ጃንዋሪ ላይ ወደ 9 ተመለሰ፤ የማስተረጉምላቸው ነጋዴዎች ሁሉ ፋብሪካዎቹ ለበዓል ሳይዘጉ ጭነታቸውን ለማስወጣት የሚሯሯጡበት ወር ነው። ኮከቡ ነው ያሻለኝ አልልም። እንቅልፉንም፣ ጭቃውንም፣ ቡናውንም አንድ ላይ ስለቀየርኩ የትኛው እንደሠራ መለየት አልችልም። ብጠየቅ እንቅልፉን አስቀድማለሁ።

2026ን ፈርታችሁ የጻፋችሁልኝ ሁለት እህቶች አላችሁ። አዎ፣ ከፌብሩዋሪ 4፣ ሊቹን ከሚሉት የፀደይ መግቢያ ጀምሮ፣ ዓመቱ የእሳት ፈረስ ነው፤ በጨረቃው አዲስ ዓመት የሚቆጥሩ ፌብሩዋሪ 17 ይላሉ። ከእኔ የቀን ዓምድ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው፤ በ60 ዓመት አንዴ ይመጣል። ያለፈው 1966 ነበር። በጃፓን የእሳት ፈረስ ሴት ባሏን ታጠፋለች የሚል አሮጌ እምነት ስለነበር በዚያ ዓመት የተወለዱት ሕፃናት በ1965 ከነበሩበት 1.82 ሚሊዮን ወደ 1.36 ሚሊዮን ወረዱ። እሳቱ ማንንም አላቃጠለም፤ ቤት ያጎደለው ወሬው ነው። ልጅ ለመውለድ ዓመት አትምረጡ።

ፌብሩዋሪ። ከሳህንና ከጽዋ በኋላ ጀበና ለመሥራት ተነሣሁ። የመጀመሪያዋ አንገቷ ገና እርጥብ ሳለ እንደ እንቅልፋም ሰው ጋደል ብላ ተኛች። ሁለተኛዋ ደርቃ፣ በኤሌክትሪኩ ምድጃ ተተኩሳ፣ ሆዷ ክብ፣ አንገቷ ቀጥ ብሎ ወጣች። መምህሩ «ይህ ጭቃ ለሻይ እንጂ በቀጥታ ለእሳት አይሆንም» ብሎኝ ነበር። ሊቹን ዕለት ጠዋት ግን ደስታው አሸነፈኝና ጋዙ ላይ ጣድኳት። ቡናው ሊፈላ ሲል «ጧ» አለች፤ ከሥሯ እስከ ጎኗ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ወጣ፣ ምድጃውም በቡና ጠፋ። ቀይ ነጥብ አላደረግኩም፤ የተቆጣሁበት ሰው አልነበረም።

ሦስተኛዋ አሁን መደርደሪያው ላይ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍና ቀስ እያለች እየደረቀች ነው። ስባሪዋን አድቅቄ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ቀላቅዬበታለሁ፤ የተፈጨ ሸክላ ያለበት ጭቃ እሳት ሲነካው እንዲህ በቀላሉ አይሰነጠቅም። አንገቷንም በሁለት ጣት አሳጥሬዋለሁ።