አባ ነፍሶ፣ ኮቾሮ እና ሌሎች የጦር ሰዎች ስሞች

እኔ በምኖርባት በሐዋሳ የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ስም ሲነሣ ሁለት ዓይነት ጨዋታ ይሰማል። አንደኛው የዐድዋ ጨዋታ ሲሆን፣ በዚያ ላይ ሰውየው «አባ ነፍሶ» ናቸው፤ የፊታውራሪ ገበየሁን መውደቅ ተከትለው መድፉን የያዙ፣ አዝማሪ «መድፍ አገላባጭ» ብሎ የገጠመላቸው ጀግና። ሁለተኛው መቀመጫቸውን ሀገረ ሰላም ላይ አድርገው ሲዳሞን ስለገዙበት ዘመን የሚነገረው ነው፤ በዚህኛው ውስጥ የሚሰማው የገባርነት፣ የግብርና የጉልበት ሥራ ነገር ነው እንጂ «አባ ነፍሶ» ብሎ የሚያሞካሻቸው ሰው እምብዛም አይገኝም። ሰውየው አንድ ናቸው፤ ስሙ ግን የወጣው ለአንደኛው ታሪክ ብቻ ነው። የጦር መሪዎችና የወታደሮች ቅጽል ስም ሁልጊዜ የሚስበኝም በዚህ ጠባዩ ነው፤ ከአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አንዲት ቀን ወይም አንድ ባሕርይ መርጦ ያነግሣል፣ የቀረውን ይሸፍናል። ስለዚህ ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነና ለምን ቀን እንዳወጣው ሳይጠይቁ ስሙን ብቻ ይዞ ስለ ሰውየው መፍረድ አይቻልም።

የእኛ አገር የጦር ስም በአመዛኙ የፈረስ ስም ነው። መኳንንቱ ለሚወዱት የጦር ፈረስ ስም ያወጣሉ፤ «አባ» የሚለው ሲጨመርበት ስሙ ከፈረሱ ወደ ጌታው ይሻገራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል የተባሉት በዚህ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ ስሙ የጌታው ጌጥ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ወታደሩም ይጠቀምበት ነበር። ግዳይ የጣለ ሰው ሲፎክር «ዘራፍ! የአባ ዳኘው አሽከር!» ይላል እንጂ የጌታውን የክርስትና ስም እየጠራ አይሸልልም። በአንድ ትንፋሽ የራሱንም ጀግንነት፣ የማን ሰው እንደሆነም፣ ግዳዩ ለማን እንደሚቆጠርም ተናገረ ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሹመትና ርስት የሚጠብቅ ሰው ይህን ጮክ ብሎ ማስታወቁ ጥቅሙ ቀላል አልነበረም።

የፈረስ ስም ዕድሜው ከጌታውም ከፈረሱም ሊረዝም እንደሚችል የሚያሳየው የራስ መኰንን ስም ነው። ራስ መኰንን፣ አባ ቃኘው፣ በ1898 ዓ.ም. አረፉ። ልጃቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ ለሚዘምተው የክብር ዘበኛ ጦር ስም ሲያወጡ «ቃኘው ሻለቃ» አሉት። በዐድዋ ዘመን ለአንድ ባለፈረስ መኰንን የወጣ ስም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ አውቶማቲክ መሣሪያ ይዞ በበረዶ ውስጥ የሚዋጋ የእግረኛ ጦር መጠሪያ ሆነ። በአስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የመገናኛ ጣቢያም ይኸው ስም ተሰጥቶት ነበርና፣ ያ ፈረስ ሬዲዮ የሚጠልፉ ሰዎች ደጃፍ ድረስ ደርሷል።

ወደ ደጃዝማች ባልቻ ልመለስ። በ1920 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ወደ አዲስ አበባ ሲጠሯቸው፣ ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው መጥተው ንፋስ ስልክ ላይ ሰፈሩ። ከዚያም የተመረጡ ጠባቂዎቻቸውን ይዘው ወደ ቤተ መንግሥት ግብር ገቡ። እሳቸው በማዕድ ላይ ሳሉ ራስ ካሣ ወደ ሰፈሩ ሄደው ወታደሩን በገንዘብና በማባበል በተኑት። ደጃዝማቹ ከግብሩ ሲመለሱ ያገኙት ባዶ ሜዳ ነበር፤ ያለ አንድ ጥይት ተሸነፉ፣ ሹመታቸውንም አጡ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ፣ በሽምግልናቸው፣ ለጣሊያን እጅ አልሰጥም ብለው ተዋግተው ሞቱ። አሟሟታቸውን «አባ ነፍሶ» የሚለው ስም በሚገባ ይሸከመዋል፤ የንፋስ ስልኩን ቀንና የሲዳሞን ገባር ግን አይሸከምም። እኔ ሦስቱንም አንድ ላይ ማንሣት ሰውየውን ማሳነስ አይመስለኝም።

ጌታው ራሱ ወይም አሞጋሹ ከሚያወጣው ስም ይልቅ ወታደሩ የሚያወጣው ስም ይበልጥ ይታመናል። በዲሲፕሊን የታሰረ ሰው አዛዡን ፊት ለፊት መንቀፍ አይችልም፤ ስም ማውጣት ግን ማን ይከለክለዋል? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካው ጄኔራል ጆርጅ ፓተን «ደምና ወኔ» በሚል ስም ይታወቅ ነበር፤ ጋዜጣው ስሙን በአድናቆት ሲያስተጋባ ወታደሮቹ ግን «ደሙ የእኛ፣ ወኔው የእሱ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ስለ ፓተን ከተጻፈው ብዙ ነገር ውስጥ ይህን ያህል አጭርና የተሟላ የለም። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ የደቡቡ ጄኔራል ሮበርት ሊ እ.ኤ.አ. በ1862 በሪችመንድ ዙሪያ ምሽግ እንዲቆፈር ሲያዝዝ «የአካፋ ንጉሥ» ተብሎ ተሹፎበታል፤ ውጊያ ማለት ሜዳ ላይ ፊት ለፊት መግጠም ነው ብሎ ለሚያምን ወታደር መቆፈር ውርደት ነበርና። ቆይቶ ግን ያ ምሽግ የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ ራሱ ወታደሩ አየው። የሮማው የጦር አዛዥ ፋቢዩስም እንዲሁ ነው፤ ከካርቴጁ ጄኔራል ከሐኒባል ጋር ፊት ለፊት መግጠምን ትቶ ጊዜ በመግዛቱ «አዘግዪው» ተባለ፤ ስሙ ስድብ ነበር። እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 ሌሎቹ አዛዦች ካኔ ላይ ፊት ለፊት ገጥመው ያ ሁሉ የሮማ ሠራዊት ካለቀ በኋላ ግን ያው ስድብ፣ አንድ ፊደል ሳይለወጥ፣ የክብር ስም ሆነ።

ከወታደር የወጣ ስም ሁሉ ግን ባለቤቱን አያስደስተውም። በራይን ወንዝ ዳር የሮማ ጦር ሰፈር ውስጥ ያደገው የሮማው ጄኔራል የጄርማኒኩስ ልጅ በሕፃንነቱ የወታደር ልብስና ትንሽ የወታደር ጫማ ይለብስ ስለነበር ወታደሮቹ በፍቅር «ትንሿ ጫማ»፣ ካሊጉላ፣ አሉት። ልጁ አድጎ እ.ኤ.አ. በ37 ንጉሠ ነገሥት ሲሆን ስሙን ጠላው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን እስከ ዛሬ በእሱ ነው።

ጠላት የሚያወጣው ስም ሌላ ጠባይ አለው። እንግሊዞች የጀርመኑን ጄኔራል ሮሜል «የበረሃው ቀበሮ» እያሉ ሲያወሩ ዝናው በራሳቸው ሰፈር ውስጥ እጅግ ስለገነነ፣ አዛዣቸው ጄኔራል ኦኪንሌክ ወታደሩ ሮሜልን እንደ አስማተኛ ማየቱን እንዲያቆም፣ አዛዦችም «ሮሜል» ከማለት ይልቅ «ጠላት» ወይም «ጀርመኖች» እንዲሉ በጽሑፍ እስከ ማሳሰብ ደርሶ ነበር። አንድን ስም እንዳይጠራ በትእዛዝ መከልከል ከውጊያ የማይተናነስ ሥራ መሆኑን ልብ ይሏል። በሶቪየት በኩል ደግሞ 588ኛው የሌሊት ቦምብ ጣይ ሬጅመንት ነበር፤ አብራሪዎቹም መካኒኮቹም ሴቶች ነበሩ። የሚያበሩት አውሮፕላን ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራ አሮጌ የማሠልጠኛ ዓይነት ነው። ዒላማው አጠገብ ሲደርሱ ሞተሩን ቀንሰው ወይም አጥፍተው በንፋስ ብቻ ይንሸራተታሉ፤ ከታች ላለው ጀርመናዊ የሚሰማው የክንፉ ፉጨት ብቻ ነው። በመጥረጊያ ላይ ተቀምጣ የምትበር ጠንቋይ በተረታቸው ያለች በመሆኗ «የሌሊት ጠንቋዮች» አሏቸው። ሴቶቹም ስሙን ሰምተው ኮሩበት። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ከ23,000 ጊዜ በላይ ወጥተው ቦምብ ጥለዋል።

ከእኛ አርበኞች መካከል እጅግ የተዋጣለት ስም የጃገማ ኬሎ ይመስለኛል። ገና በ15 ዓመታቸው ጫካ ገብተው በጊንጪ ዙሪያ ጣሊያንን ባልጠበቀው ሰዓትና ቦታ ስለሚመቱት «የበጋው መብረቅ» ተባሉ፤ ደመና በሌለበት ወር የሚወድቅ መብረቅ ማለት ነውና፣ ስሙ የአዋጊነት ስልታቸውን በሁለት ቃል ይናገራል። ይሁንና እኒሁ ሰው ጄኔራል ከሆኑ በኋላ በባሌ ያመፁት ዋቆ ጉቱ በ1962 ዓ.ም. እጃቸውን የሰጡት ለእሳቸው ነበር፤ ያ ነገር ያለቀው ደግሞ በመብረቅነት ሳይሆን በመነጋገር ነው። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2009 ዓ.ም.፣ ሰው የሚያነሣላቸው ግን መብረቁን ነበር።

ተራው ወታደር የፈረስ ስም የለውም፤ ጓዶቹ ግን ያወጡለታል። በሰፈራችን ጠዋት ጠዋት አንዲት ጀበና ቡና ቤት በር ላይ የሚሰበሰቡ የቀድሞው ሠራዊት ጡረተኞች አሉ፤ አንድም ቀን በክርስትና ስማቸው ሲጠራሩ አልሰማሁም። ነገር ከጀመረ የማያቆመው፣ በከባድ መትረየሱ ስም፣ «ዲሽቃ» ነው። በእግሩ ፈጣን የነበረውና ዛሬ በከዘራ የሚሄደው፣ በተዋጊ ጄቱ ስም፣ እስካሁን «ሚግ» ይባላል። «ኮቾሮ» የሚሉት ደግሞ ነበር፤ ግንባር ላይ ስንቅ በተቋረጠ ጊዜ ከትራስ ሥር ደብቆት የነበረውን ያን ድንጋይ የመሰለ የወታደር ብስኩት አውጥቶ፣ በሰደፍ ሰብሮ፣ ለጓዶቹ ቁራሽ ቁራሽ አካፈላቸው። ከዚያች ቀን ወዲህ አርባ ዓመት ያህል ሌላ ስም አልነበረውም፤ ስሙ የመጣው ከማካፈሉ ይሁን ከመደበቁ ግን እስከ መጨረሻው ያከራክራቸው ነበር። ሲሞት የእድራችን ጡሩምባ ነፊ የክርስትና ስሙን ከነአባቱ እየጠራ ሰፈሩን ዞረ፤ ከጡረተኞቹ አንድም ሰው ብድግ አላለም። ዲሽቃ ነገሩን ከሟች ጎረቤት ሰምቶ ጡሩምባ ነፊውን መንገድ ላይ አስቆመውና ስሙን እንዲያስተካክል ነገረው፤ ሰውየውም እንደ አዲስ ዞሮ ኮቾሮ መሞቱን ተናገረ።