«ልንበርከክ?»

ልጁ እንዳንበረክከው የለመነኝ ሐሙስ ቀን ነው።

የዚያን ዓመት ዩኒት ሊደር አድርገውኛል። እኛ ትምህርት ቤት ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ስብሰባው ላይ ያልነበረ ሰው ነው። እኔ ያን ቀን ባንክ ቤት ተሰልፌ ነበር። ከሳምንቱ 25 ክፍለ ጊዜ ሒሳብ በተጨማሪ የተጣላው፣ ያረፈደው፣ መስታወት የሰበረው ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። ቢሮ ተብላ የተሰጠችኝ ክፍል ድሮ የጋይዳንስ ቢሮ ነበረች። አሁን ግማሿ የተሰባበረ ዴስክ ነው። ግድግዳዋ ላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል፤ ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ ናቸው የሚለው። ከ1987 ጀምሮ ሕግ ነው። አጥፊ ልጆች የሚንበረከኩት ከሱ ሥር ነበር። ሌላ ባዶ ግድግዳ ስላልነበረ ነው።

እኔ ግን አልመታም። ይሄ ይያዝልኝ። ያኔ እጅጌው ውስጥ ጎማ ደብቆ የሚዞር ባልደረባ ነበረን። ዛሬ ሹመት ላይ ነው፣ ስለ ሕፃናት መብት ስልጠና ይሰጣል፤ እሱን እንተወው። እኔ አንበረክካለሁ እንጂ አልመታም። ልዩነቱ ያኔ በጣም ትልቅ ይመስለኝ ነበር።

ልጁ 5ኛ ክፍል ነው። ክፍሉ ውስጥ 58 ናቸው። ስለዚህ ዝም ያለ ልጅ ካለ አምላክን ታመሰግናለህ እንጂ ለምን ዝም አለ ብለህ አትጠይቅም። ይንተባተባል። መስከረምና ጥቅምት ድምፁን የሰማሁት ሁለቴ ቢሆን ነው።

ኅዳር ላይ ተበላሸ። ከእረፍት በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ፣ ደወሉ ሊደወል አስር ደቂቃ ሲቀረው፣ አንድ ነገር ያደርጋል። ጠመኔ ይወረውራል። ያፏጫል። አንድ ቀን ዳስተሩን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቶ፣ ዓይኔ እያየ፣ በመስኮት ለቀቀው። እኔም «ቢሮ! ተንበርከክ!» እላለሁ። እረፍቱን እዚያው ይጨርሳል። ሲደወል ይነሳል፣ ጉልበቱን ያራግፋል፣ «አ-አ-አመሰግናለሁ ቲቸር» ብሎ ይሄዳል።

ተቀጥቶ የሚያመሰግን ልጅ አይቼ አላውቅም። ሥነ ምግባር ገብቶታል አልኩ። ለምክትላችን ሳይቀር ነግሬዋለሁ፤ «ያለ ጎማም ልጅ ይታረማል፣ ይኸው» ብዬ።

አልታረመም እኮ። በነጋታው ያው ነው። በሚቀጥለውም ያው። የሒሳብ መምህር ነኝ። አራት ቁጥር ደርድሩልኝ፣ አምስተኛውን እነግራችኋለሁ። ሁሌ ከእረፍት በፊት፣ ሁሌ አስር ደቂቃ ሲቀር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልታየኝም።

ያን ሐሙስ ደሞዝ ገብቷል። ሆዴ ሰፍቷል። ልጁ የፊተኛውን ልጅ ኮሌታ በእስክሪብቶ ሲቀባ ያዝኩት። ደወሉ ተደወለ።

«በል ዛሬ ምሬሃለሁ። ውጣና ተጫወት።»

አልወጣም። ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ቆሞ ጠበቀ። እኔ ደብተሮቼን እሰበስባለሁ።

«ቲ-ቲ-ቲቸር።»

«አቤት።»

«ል-ል-ልን...» እጁ ሱሪውን ጨብጧል። «ልንበርከክ?»

መጀመሪያ እያሾፈብኝ መሰለኝ። ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑ እኔ ላይ አይደለም። በሩን ነው የሚያየው። ከኮሪደሩ ማዶ ሦስት የስድስተኛ ክፍል ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ታክሲ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።

«ቀቀ-ቀባሁት እኮ» አለኝ። ጥፋቱን እያስታወሰኝ ነው።

ቢሮ ይዤው ገባሁ። ወንበር ሰጠሁት። አልተቀመጠም፤ እንደለመደው አንቀጽ 36 ሥር ሄዶ ተንበረከከ። «ተነስ» አልኩት። ተነሳና እዚያው ቆመ። ምን ሆነህ ነው ስለው «ምንም»። ማን ነካህ ስለው «ማ-ማንም»። እሱ ሁለት ቃል እስኪናገር እኔ ስድስት ጥያቄ ጠየቅኩት። የቱን ቀድሞ እንደሚመልስ ጠፍቶት ነው መሰለኝ ልጁ ጨርሶ ዝም አለ።

የነገረችኝ ከመጋቢ እናቶች አንዷ ናት። ቁርስና ምሳ ከሚያቀርቡት፣ ትልቋ።

«እትዬ፣ ያን ልጅ ያውቁታል?» አልኳት።

«ሻይ የማይጠጣውን?»

«ሻይ አይጠጣም እንዴ?»

«አንተ መምህር አይደለህ እንዴ?» ድስቷን ማማሰሏን አላቆመችም። «በዚህ ብርድ ዳቦውን በደረቁ ነው የሚያንቀው። ልጅ ሻይ አልፈልግም ካለ አንድ ነገር አለ። ውኃም አይጠጣ። ከጠጣ ሽንቱ ይመጣበታላ። ሽንት ቤቱን ደግሞ እነዚያ ይዘውበታል።»

እነዚያ ሦስቱ ናቸው። በር ላይ ይቆማሉ። «ስምህን ሳትቆራረጥ ተናገርና እለፍ» ይሉታል። ለሚንተባተብ ሰው ከቃል ሁሉ የሚከብደው ብዙ ጊዜ የገዛ ስሙ ነው፤ በሌላ ቃል አይቀይረው፣ አይዘለው። ይሄን በኋላ ነው ያወቅኩት። ልጆቹ ግን ቀድመውኝ አውቀውታል። ሲጀምር እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ሄሎ? ሄሎ? ኔትወርክ የለም!» ይላሉ። ቅጽል ስሙም ይሄው ሆኗል። ኔትወርክ። የክፍሉ ልጆች እንኳን እስክሪብቶ ሲዋሱት «ኔትወርክ አውሰኝ» ነው የሚሉት።

በጠዋት ገብቶ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ሽንቱን ይዞ ይውላል።

ደሜ ፈላ። እውነት ለመናገር የተናደድኩት ለልጁ ብቻ አይደለም። የኔን ቅጣት መጠለያ አድርጎት ነበር። ያስተካከልኩት መስሎኝ የፎከርኩበት ልጅ እየተጠቀመብኝ ነበር ለካ።

ወላጅ አምጡ አልኩ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይጠራ አልኩ። ምክትላችን አልወደደውም። ኢንስፔክሽን በቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞ ይመጣል፤ ፋይል እየተሰበሰበ ነው። 26 ስታንዳርድ አለ፣ ለእያንዳንዱ ማስረጃ ይፈለጋል። ባለፈው ደረጃ 2 ነበርን፤ ዘንድሮ 3 ካልገባን እሱም እዚያ ወንበር ላይ አይቆይም።

«ልጆች ናቸው፣ ይለምዱታል። እኛስ ተደብድበን አይደል ያደግነው?» አለኝ።

«ለዚህ ነዋ እንዲህ የሆንነው» ልለው ፈልጌ ነበር። ያልኩት «ቃለ ጉባኤ ይኖረዋል» ነው። ዓይኑ በራ። ለካ ስታንዳርዱ ውስጥ የተማሪዎችን ደህንነት የሚመለከት አለ፣ ፋይሉ ደግሞ ባዶ ነው። በማግስቱ ተሰበሰብን።

ምክትሉ፣ የግብረ ገብ መምህሩ እንደ ጸሐፊ፣ ከወተመህ (ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) አንድ አባት፣ ሦስቱ ልጆች፣ የሁለቱ እናቶች። ልጁም አለ፤ ጥግ ላይ። እሱን ከነሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ራሱ ምን ያህል ጅልነት እንደሆነ ያኔ ማንም አላሰበውም። እኔ ከሳሽ ነኝ። ተዘጋጅቻለሁ። እንደ ዐቃቤ ሕግ ቆሜ ነው የምናገረው። ስለ ሻዩ ተናገርኩ። ስለ ሽንት ቤቱ ተናገርኩ። አንዷ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ጥሩ እየሄደልኝ ነው።

ከዚያ ወደ ትልቁ ልጅ ዞሬ ጣቴን ቀሰርኩ።

«ሰው በስሙ አይጠራም? ይሄን ስም ማን ነው ያወጣለት? ንገረን!»

ልጁ ግራ ተጋባ። የገባው አይመስልም። እናቱን አየ፣ ጓደኞቹን አየ።

«ቲቸር ነዋ» አለ።

«የቱ ቲቸር?»

«ቲቸር... ራሱ ቲቸር።» እኔን። «የአጎቴ ልጅ እነሱ ክፍል ነው። መስከረም ላይ ቲቸር ናቸው ያሉት ብሎ ነገረን።»

በዚያች ደቂቃ ትዝ አለኝ። ትዝ አለኝ ስል፣ ረስቼው የነበረ አይደለም። ነገሬ አላልኩትም እንጂ። የትምህርት መጀመሪያ ሳምንት ነው። ክፍልፋይ ክለሳ። እሱን አስነሳሁት። «ሦ-ሦ-ሦ» እያለ ሲቆይብኝ፣ እጄን እንደ ስልክ ጆሮዬ ላይ አድርጌ «ሄሎ? ኔትወርክ ተቆረጠ እንዴ?» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ክፍል ማዝናናት የምችል ሰው ነኝ፤ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንዳያስተኛ ብዬ። እሱም ሳቀ። መሳቁን በደንብ አስታውሳለሁ። በኋላ ብዙ ጊዜ ለራሴ እንደ ማስረጃ አቅርቤዋለሁ፤ እሱም እኮ ስቋል።

ኮሚቴው ጸጥ አለ። የወተመህ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የምታለቅሰዋ እናት ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

የግብረ ገብ መምህሩ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አንስቶ ምክትሉን አየ።

«ይሄ ይጻፍ?»

ምክትሉ እኔን አየኝ። ሁላችንም ከልጁ ሌላ ሁሉን አየን።

«አያስፈልግም» አለ ምክትሉ። «'ቅጽል ስም በመለጣጠፍ' በለው። ማን እንደለጠፈ አይጠየቅም።»

ተጻፈ። እኔም ፈረምኩ። ፊርማዬ ሁለተኛው መስመር ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሦስቱ ልጆች ሦስት ቀን ታገዱ። ታግደው የት ይሄዳሉ? ግቢ በር ላይ ጠበቁት። ግቢ ውስጥ በቃለ ጉባኤ ያለቀ ነገር አስፋልት ላይ እንደ አዲስ ይጀመራል። «አሳባቂ» የሚል ሁለተኛ ስም ተጨመረለት። ዘበኛው አንድ ቀን አስጥሎታል፤ በሩን ትቶ በመውጣቱ ግን የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጠው።

ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ቢሮ ውስጥ፣ በር ዘግቼ፣ ማንም ሳይሰማ። ስሙ የወጣለት በ57 ልጅ ፊት ነበር። «ም-ም-ምንም አይደል» አለኝ፤ እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ብዙም አይቆይም ለካ። ከአምስት ሴኮንድ አይበልጥም።

ነገሩን ያበረደችው እትዬ ናት። ለማንም ሳትናገር፣ በእረፍት ሰዓት ልጁን ኩሽና ማስገባት ጀመረች። ኩባያ ይቆጥርላታል። አጠገቡ የሠራተኞች ሽንት ቤት አለ። በሁለተኛው ሳምንት ሻይ ጠጣ። ጮክ ብሎ ይቆጥራል አለችኝ፣ ሲቆጥር ደግሞ አይንተባተብም። «ዘፈን ነገር አድርጎ ነው የሚቆጥረው» አለች። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ኩሽና ተማሪ ማስገባት ክልክል እንደሆነ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አለ። የንጽሕና ጉዳይ ነው፤ ትክክልም ነው።

ማክሰኞ የተባለው ኢንስፔክሽን ለሌላ ጊዜ ተዛውሮ ቆይቶ ድንገት መጣ። ምክትሉ በጠዋት ኩሽናውን ዞሮ አየና «ይሄ ልጅ ከዚህ ይጥፋልኝ፤ እነሱ እስኪሄዱ» አለ። እትዬ እኔን አየችኝ። እረፍት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። የት ይጥፋ?

ቢሮዬ ወሰድኩት። በዚህ ጊዜ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። የቀሪ መቆጣጠሪያ ወረቀት ሰጥቼ «ደምርልኝ» አልኩት። የሚደመር ነገር አልነበረውም።

እነሱ ሦስት ሆነው ገቡ። ፋይሉን አገላበጡ፣ ቃለ ጉባኤውን አነበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ፣ ጎልማሳ ሴት፣ ልጁን አየችው።

«ይሄስ? ምን አጥፍቶ ነው?»

«አላጠፋም። እያገዘኝ ነው» አልኩ።

«ጎበዝ። እስቲ ንገረኝ፣ ትምህርት ቤትህን ትወደዋለህ?»

ተነስቶ ቆመ። ምክትሉ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት። እንዳላየ ሆኖ ቻለው።

«እ-እ-እ...» አለ ልጁ። ሴትየዋ ጠበቀችው። አልገመተችለትም፣ አልቀደመችውም። «እወደዋለሁ። እ-እ-እረፍት ባ-ባይኖረው።»

«አያችሁ!» አለች ወደ ጓደኞቿ ዞራ። «ትምህርት የሚወድ ልጅ እንዲህ ነው!»

ጻፈችው። ምክትሉ ከኋላዋ ሆኖ አውራ ጣቱን አነሳልኝ።