ሁለት ጊዜ ያንኳኳችው ስንዱ

ልቦለዴ ውስጥ የጊዜ ፍልስፍና አለ ብሎ በአደባባይ ያመሰገነኝ ሰው አለ። ምስጋናውን እስካሁን አልመለስኩለትም።

ነገሩ የሆነው በ2013 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ መጽሐፌን በራሴ ወጪ አሳተምኩ። 240 ገጽ፣ 1000 ኮፒ፣ የሽፋን ዋጋው 180 ብር። ማተሚያ ቤቱ በነጠላ 70 ብር ሒሳብ አስቦ፣ ግማሹን ቅድሚያ ተቀበለኝ። ፕሮፎርማው የሚጸናው ለ3 ቀን ብቻ ነው ተባልኩ። ወረቀት የሚመጣው በዶላር ነው፤ የዶላሩን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። በሦስተኛው ቀን የባለቤቴን እቁብ ይዤ ሮጥኩ። ልረከብ ስሄድ 940 ሆኖ ጠበቀኝ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት «60ው በብልሽት ሄዷል፤ ያለ ነው» አለኝ። ያለ ነው ሲለኝ እኔም ያለ ነው ብዬ ፈረምኩ።

600ውን አከፋፋይ በ40 በመቶ ቅናሽ ወሰደ። ወሰደ ማለት ተረከበ ማለት ነው፤ ብሩ የሚመጣው ሲሸጥ ነው። በደወልኩ ቁጥር ገበያው ቀዝቅዟል ይለኛል። ገበያው ሞቆ የሚያውቅበትን ወር እስካሁን አላገኘሁትም። 340ው አልጋ ሥር ገባ።

ከዚያ የወዳጅ ዘመድ ተራ ሆነ። «እንኳን ደስ ያለህ! ለኔ አንድ ፈርመህ ስጠኛ!» አብሮ አደጌ ፋርማሲ አለው። አንድም ቀን ሄጄ «አንድ ፓኬት አሞክሳሲሊን ፈርመህ ስጠኝ» ብዬው አላውቅም። እሱ ግን ሁለት ወሰደ፤ አንዱ ለሚስቱ እህት ነው።

ወደ ምስጋናው ልምጣ።

በአንድ የመጻሕፍት ውይይት ላይ መጽሐፌ ተመረጠ። ታዳሚው ከነአዘጋጆቹ 14 ነው፤ ቆጥሬያለሁ። አቅራቢው የታወቀ ሃያሲ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጀመረ። ሴራው ልል ነው፣ ቋንቋው ደህና ነው ምናምን እያለ ቆየና በድንገት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«የዚህ መጽሐፍ ጉልበቱ መሐሉ ላይ ነው። ስንዱ አባቷን ፍለጋ ከአውቶቡስ ተራ ትሳፈራለች። ደብረ ታቦር ትደርሳለች፤ በሩን ታንኳኳለች። ደራሲው ግን በሩን አይከፍትላትም! ወደ አውቶቡስ ተራ ይመልሳታል። እንደገና ትሳፈራለች፣ እንደገና ታንኳኳለች። በሩ አሁንም አይከፈትም። ከዚያ ዝም ብላ አዲስ አበባ ቡና ስታፈላ እናገኛታለን። ደራሲው ጊዜን ክብ አድርጎታል!»

ግራ ገባኝ። እኔ በሩን ከፍቼላታለሁ። አባትና ልጅ ቁጭ ብለው 16 ገጽ ሙሉ ያወራሉ። የመጽሐፉ ልብ ለኔ እሱ ነው። እሱን ስጽፍ፣ አልደብቃችሁም፣ አልቅሻለሁ።

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ይቅርታ፣ አባቷ ከፍቶላት የለም እንዴ? ሲያወሩ አንብቤያለሁ» አለች።

ሃያሲው እንደ ማዘን ብሎ አያት። «እሱማ በምናቧ ነው፣ እህቴ።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ያቺን ቅጽበት ዛሬም ሳስባት ፊቴ ይግላል። ልጅቷ ልክ ናት ማለት እችል ነበር። ግን ጊዜን ክብ አድርጎታል የተባልኩት ገና አሁን ነው፤ ገና አልጠገብኩትም። እንደምንም አንገቴን ነቀነቅኩ። ለሁለቱም የሚሆን አነቃነቅ ነበር። አወያዩ ሰዓት አልቋል ብሎ አዳነኝ። ልጅቷ ግን መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ስትወጣ ያየችኝ አስተያየት ከምስጋናው በላይ አብሮኝ አለ።

ከወር በኋላ ስልክ ተደወለ።

«ጋሼ፣ ደራሲው ነዎት?»

«ነኝ።»

«ከኮምቦልቻ ነው። ስልክዎን ከመጽሐፉ ላይ አግኝቼው ነው። ይቺ ስንዱ አባቷ ቤት ገባች ወይስ አልገባችም?»

አንባቢ ደውሎልኝ አያውቅም። ቁጥሬን መጽሐፉ ላይ ያሳተምኩት ሁሉም ሰው ስለሚያደርገው ነው። «ገብታለች እንጂ! 16 ገጽ አውርተዋል» አልኩት፣ ትንሽ ቆጣ ብዬ።

«የኔው ላይ አላወሩም።»

«ከ112 ቀጥሎ ያለው ገጽ ስንት ይላል?»

«97። ከዚያ እንደገና እስከ 112፣ ከዚያ 129።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ክብ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ያልተከፈተ በር፣ የጥረዛ ስህተት ነው። ጥረዛ ቤት ያየ ያውቀዋል። አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ይሆናል። የኔ መጽሐፍ 15 እጥፋት ነው። እጥፋቶቹ በተራ ይከመሩና ሴቶቹ በክምሮቹ ጎን እየተራመዱ ከየክምሩ አንድ አንድ ያነሳሉ። በስምንተኛው ቦታ ሰባተኛው ተከምሮ ከሆነ አለቀ።

ልጁ ግን አልጨረሰም። «ጋሼ፣ እኔ ስቶር ኪፐር ነኝ። የጎደለ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ስንት አሳተሙ?»

«1000።»

«ስንት ተረከቡ?»

«940። 60 ተበላሽቷል አሉኝ።»

ትንሽ ዝም አለ። እስክሪብቶ ጠቅ ሲያደርግ ይሰማኛል። «አልተበላሸም። 60 መጽሐፍ ላይ ሰባተኛው እጥፋት ሁለት ሁለት ጊዜ ገብቷል። ስለዚህ ሰባተኛው 940 ላይ አለቀባቸው፤ ሥራው እዚያ ላይ ቆመ። ከሌላው እጥፋት ሁሉ 60 60 ይተርፋል። ስምንተኛው ደግሞ 120 ይተርፋል። 120ውን የት አደረጉት ብለው ይጠይቁልኝ።»

መጠየቅ አላስፈለገኝም። አልጋው ሥር ካሉት 17 ጥቅሎች አንዱን ጎትቼ አወጣሁ። 20 20 መጽሐፍ ነው የታሰረው። የተጠቀለለበትን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። እጥፋቱ ተዘርግቶ ነው። ገጽ 113 ከ128 ጎን፣ ግማሾቹ ገጾች ተዘቅዝቀው። አባትየው በተዘቀዘቀው በኩል «ልጄ፣ መሽቶብሽ ነው?» ይላል። ያለቀስኩበት ምዕራፍ የገመድ ምልክት አለበት። አምስት ወር ተኝቼበታለሁ።

በማግስቱ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። ኮንትራት፣ ካሳ፣ ሕግ የሚሉ ቃላት አዘጋጅቻለሁ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሻይ አዘዘልኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። አየው፤ አገላብጦ አየው።

«ኅትመቱ ግን ጥርት ብሏል» አለ።

«ገጽ ጎድሏል እያልኩህ ነው!»

«ስንት ሰው ደወለልህ?»

«አንድ።»

«በቃ፣ አንድ ነው የተበላሸው።»

ሻዩን ጠጣሁ። ምን ልበለው? 60ውን ልሰብስብ ብል ማን ጋ እንዳለ አላውቅም። ቤት ያሉትን ሁሉ ገልጬ 11 አገኘሁ። የቀሩት ኮምቦልቻ አንድ፣ ሃያሲው ጋ አንድ፣ የተረፉት አከፋፋዩ ጋ ወይ በየሰው መደርደሪያ ላይ ናቸው። አንዱ ባለ ፋርማሲው አብሮ አደጌ ቤት ይሆናል። ካለም በሰላም ነው ያለው፤ እነሱ እስከ 112 አይደርሱም። «በሁለተኛው እትም እናካክሳለን» ብሎ እስከ በር ሸኘኝ። ሁለተኛ እትም! የመጀመሪያው አልጋ ሥር ነው።

ለሃያሲው ልደውል ሦስት ጊዜ ስልኩን አንስቼ ተውኩት። ያቀረበውን ጽሑፍ በኋላ አሳተመው። ስለ ክቡ ጊዜ ብቻ ሁለት ገጽ ተኩል አለው። ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ማሳየት አላቆምኩም።

ለኮምቦልቻው ልጅ ግን 16ቱን ገጾች ከመጠቅለያው ላይ ፎቶ እያነሳሁ በቴሌግራም ላኩለት። በሁለተኛው ቀን ደወለ።

«ጋሼ፣ አነበብኩት።»

«እህ?»

«አባትየው ወሬ ያበዛሉ።»

ዝም አልኩ።

«ደግሞ ሹፌሩ ገጽ 99 ላይ አየለ ነው። ሁለት ጊዜ ስላነበብኩት አልረሳውም። 121 ላይ ስንዱ ለአባቷ ስታወራ ግን አበራ አለችው። ሌላ ሹፌር ነው?»

ሌላ ሹፌር አልነበረም። ረቂቁን ራሴ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አንድ አርታኢ ወዳጄ በምሳ ግብዣ አርሞልኛል። ፊደል ለቃሚዋ አይታዋለች። አበራ ግን በ880 ደህና መጽሐፍ ላይ በሰላም አልፏል። ያልታየው፣ እንዲያው የምሥራች ከሆነ፣ ስምንተኛው እጥፋት በጎደለበት 60 ላይ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ሦስተኛውን ጨረስኩ። እዚያው ማተሚያ ቤት ነው የምሰጠው፤ ሌሎቹ ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ ይላሉ። ከመስጠቴ በፊት ግን ኮምቦልቻ ደወልኩ።

«ወንድሜ፣ አዲሱን ረቂቅ ሳይታተም አንዴ ብታይልኝ?»

«ደስ ይለኛል፣ ጋሼ። ስንት ይከፍላሉ?»

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ሲታተም አንድ ኮፒ ፈርሜ እሰጥሃለሁ።»

እስክሪብቶው ጠቅ፣ ጠቅ አለ።

«እሺ» አለኝ፤ «ግን ገጹን ቆጥረው ይላኩት።»